ለእልልታ የተተወ ክፍተት

ከመጀመሪያው ዘፈን በኋላ ለእልልታ የተተወችው ክፍተት ስትደርስ፣ ከቴፑ ውስጥ አንድ ሰው «ጉልበትሽስ?» ብሎ ጠየቀ።

እልል ልትል የከፈተችው የሸፊቃ አፍ እንደተከፈተ ቀረ። ወዲያው የጉራጊኛው ዘፈን ገብቶ ክፍሉን በጭብጨባ ሞላው። ዞር ብላ በሩን አየች፤ ዝግ ነው። እናቷ ገበያ ናት፣ አባቷ ሱቅ ነው፣ ቤት ውስጥ ከእሷና ከቴፑ በቀር ማንም የለም። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጉም ግቢውን ውጦት፣ ገና ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሳለ የጎረቤት አጥር እንኳ በመስኮቱ አይታይም ነበር።

ወደኋላ መልሳ ደግማ ሰማችው። «…ብርዱ ከጦሳ አይብስም። እማ፣ ጉልበትሽስ?» ይላል የወጣት ወንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ፣ ለአንድ ሰው ብቻ እንደሚያወራ። ከዚያ ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ወሬው አልቆበት አይመስልም። መልስ የሚጠብቅ ነው የሚመስለው።

ሸፊቃ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ ዘጠነኛ ክፍል ናት። በቧንቧ ውሃ ሰፈር የምትታወቀው ግን በትምህርቷ አይደለም። አባቷ ከአሰብ ያመጣው ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ አለ፤ በእሱ የምትቀዳው የጭፈራ ቅልቅል ደሴን አልፎ ኮምቦልቻ ወርዷል። «የሸፊቃ ቅልቅል» ከተከፈተ ሠርገኛ አይቀመጥም ይባላል። እሷም ሠርገኛ ምን እንደሚፈልግ ጠንቅቃ ታውቃለች። ወጣቶቹ ፋታ አይወዱም፤ ከወሎው ወደ ጉራጊኛው፣ ከጉራጊኛው ወደ ሱዳኑ ሳይታወቃቸው መሻገር ነው ደስታቸው። የአንድ ዘፋኝ ሁለት ዘፈን ተከታትሎ ከመጣ ያጉረመርማሉ። ትዝታ ከገባማ «ሠርግ ነው ለቅሶ?» ብለው ቴፑን ሊያጠፉት ይነሳሉ። እናቶቹ ደግሞ በተራቸው እልል የሚሉበት ቦታ ካልተተወላቸው ያኮርፋሉ።

ሁለቱንም ያስማማችው በራሷ ዘዴ ነው። አንዱ ዘፈን ሲያልቅ መቅጃውን ታቆምና ካሴቱን አውጥታ በእስክሪብቶ ሦስት ዙር ታዞረዋለች። ሦስት ዙር ማለት አንዲት ጎበዝ እናት አንድ ረጅም እልልታ አቅልጣ የምትጨርስበት ጊዜ ነው። እልልታው ሲያበቃ የሚቀጥለው ዘፈን ከች ይላል፤ እግርም አይቀዘቅዝም፣ እናትም አታኮርፍም።

ይህ ዘዴ ታዲያ ባዶ ካሴት ይፈልጋል። ሦስቱን ዙር መቅጃው ስለማይነካቸው፣ ካሴቱ ላይ ቀድሞ የተቀዳ ነገር ካለ እዚያችው ቦታ ላይ እንዳለ ይቀራል። ስለዚህ አሮጌ ካሴት ሲያመጡላት መጀመሪያ ከጫፍ እስከ ጫፍ ታጠፋዋለች። ይሄኛውን ግን አላጠፋችውም። የሰጠቻት ጓደኛዋ ዐሊማ ናት፤ «አዲስ ነው፣ ወላሂ፣ ምንም የለበትም» ብላ ነው የሰጠቻት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

እውነቱን ለመናገር ጠርጥራ ነበር። የተቀዳው እንዳይጠፋበት የሚፈልግ ሰው በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች በቢላ ጫፍ ይሰብራቸዋል፤ ከዚያ በኋላ መቅጃው አልጫን ይላል። የዐሊማ ካሴት ጥርሶች የነበሩበት ቦታ በቁስል ፕላስተር ተሸፍኖ ነበር። ሸፊቃ አይታዋለች። አይታም አልጠየቀችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! በዚያ በ1978 ሚያዝያ በደሴ ሱቆች አዲስ ካሴት ተፈልጎ አይገኝም፤ የዐሊማ ታላቅ እህት የመርየም ሠርግ ደግሞ እሁድ ነው። የሙሽራው ወንድም ኑርሁሴን ከኮምቦልቻ የዘፈኖቹን ዝርዝር ልኮ፣ ከሥሩ «ወገብ የሚያሳርፍ ነገር እንዳይኖረው! ፋራ ቅልቅል አንፈልግም» ብሎ ጽፏል። ኮምቦልቾች ከወደዱላት ስሟ ሐርቡ ድረስ ይወርድ ነበር።

ሁለተኛው ክፍተት ላይ ድምፁ «አልሐምዱሊላህ» ብቻ አለ፣ መልሱን የሰማ ያህል እፎይ ብሎ። ሦስተኛው ላይ «…ያ ጥቁሩ ሙክትስ ታረደ ወይ?» አለና ሳቅ አለ።

ሸፊቃ ያንን ሳቅ ታውቀዋለች። የዐሊማ ታላቅ ወንድም ሀምዱ ነው።

ሀምዱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ለዒድ ዋዜማ፣ ገበያ እንደወጣ ታፍሶ ለውትድርና ወደ ሰሜን ከተጫነ ወዲህ አልተመለሰም። ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሊታከም የመጣ ደጉ የሚባል ወታደር ለእናቱ አንድ ካሴት ይዞላቸው መጣ፤ የድምፅ ደብዳቤ። ከዚያ በኋላ ወሬውም ጠፋ። ቅልቅል መሥራትን ለሸፊቃ ያስተማራት እሱ ነበር። «ክፍተት አትተዪ፣ እግር ከቀዘቀዘ አይመለስም» ይላት የነበረው ልጅ፣ አሁን እሷ በተወችው ክፍተት ውስጥ ቁጭ ብሏል።

አራተኛው ላይ ነፋስ ብቻ ነበር፤ ሩቅ ቦታ ብረት ከብረት ሲጋጭ ይሰማል። አምስተኛው ላይ «አላህ ያገናኘን፣ በይ» አለ። ሸፊቃ ሳታስበው «አሚን» አለች። የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት።

ስድስተኛው የመጨረሻው ነበር። «መርየም ስታገባ ካሴቱን የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ማንንም እንዳታስነኪብኝ።» ከዚያ ሰባተኛው ዘፈን ፈነዳ።

ቴፑን አጠፋችው። የቀረው ሁሉ፣ ስለ ብርዱም ስለ ሙክቱም ያለው ሁሉ፣ በጭፈራ ተበልቷል፤ የበላችውም እሷ ናት። ካሴቱን ገልብጣ ሁለተኛውን ገጽ ከፈተችው። እሱ ገና አልተቀዳበትም። ነፋስ፣ ትንሽ ወሬ፣ ከዚያም «አንቺስ፣ ዐሊማ?» ሲል የሰው ደብዳቤ የምታነብ መሰላትና ዘጋችው። ካሴቱን ሻርፗ ውስጥ ደብቃ ወጣች።

የዐሊማ ቤት ሁለት መታጠፊያ ነው። በጉሙ ውስጥ ግን የእግሯ ድምፅ እንኳ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ደጃፉ ጋ ስትደርስ የዐሊማን እናት፣ የእትዬ ዘይቱናን ድምፅ ሰማች።

«ጉልበቴማ ያው ነው፣ ልጄ። ሲበርድ ነው የሚብሰው።»

እንግዳ ያለ መስሏት ቆመች። መልስ ግን አልተሰማም። ጥቂት ቆይቶ እትዬ ዘይቱና በራሳቸው ሳቅ አሉ።

«አልታረደም። አንተን ነው የሚጠብቀው።»

ሸፊቃ ግድግዳውን ያዘች። በተከፈተው በር አጮልቃ አየች። እትዬ ዘይቱና የዐስርን ሶላት ሰግደው ከመስገጃው አልተነሱም። ፊት ለፊታቸው አሮጌ ቴፕ አለ። ሆዱ ባዶ ነው፤ ካሴት የለውም። ቴፑ ግን በርቷል፤ ካሴት የሚያዞሩት ሁለት ዘንጎች ምንም ሳይዙ ይሽከረከራሉ። እትዬ ዘይቱና ጆሯቸውን አዘንብለው ይጠብቃሉ፣ የሚጠብቁትም ልክ ሀምዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ያህል ነው።

«አሚን፣ አሚን» አሉ። ከዚያ ቆይተው፦ «ማንንም አላስነካም። ወላሂ አላስነካም።»

ጥያቄዎቹ ሻርፗ ውስጥ ናቸው፤ መልሶቹ እዚህ ቤት ውስጥ።

አንድ እጅ ከኋላዋ ክንዷን ጨበጣት። ዐሊማ ናት። ወደ ጓሮ ጎተተቻት።

«ጨረስሽው?» አለቻት በሹክሹክታ።

«ባዶ ነው ብለሽኝ ነበር!»

«ቀስ በይ።»

«ወንድምሽ ነው ያለበት፣ ዐሊማ። በየዘፈኑ መካከል ያወራል።»

ዐሊማ ፊቷ አመድ መሰለ። «አልጠፋም?»

«አንደኛው ገጽ ላይ ስድስት ቦታ ቀርቷል። ሁለተኛውን ገና አልቀዳሁበትም።»

«እንግዲያ ቅጂበት። ኑርሁሴን እንዳለው፣ ክፍተት ሳትተዪ።» ዐሊማ ክንዷን አልለቀቀችም። «አቦ፣ እንደዛ አትዪኝ ሸፊቃ። እማን አየሻት አይደል? ሽማግሌዎቹ መርየምን ሊጠይቁ የመጡ ቀን እንኳ ከቴፕ ጋር እያወራች ነው ያገኟት። ሰፈሩ ምን እንደሚላት ታውቂያለሽ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፣ እሷ አትሰማም፣ እኔ ነኝ የምሰማው። ካሴቱ ከጠፋ ትተወዋለች ብዬ ነበር።»

«አልተወችውማ። ባዶውን እያወራችው ነው።»

ጉሙ በመካከላቸው እየገባ ይወጣል። ዐሊማ ስትናገር ድምፅዋ ተለውጦ ነበር።

«ሁለተኛው ገጽ ላይ እኔን ይጠራኛል። ‹አንቺስ፣ ዐሊማ? ያን ባትሪ ድንጋይ ሌላ ሰው ገዛልሽ ወይ?› ይለኛል፣ እየሳቀ። ከዚያ ዝም ይላል። እማም ‹መልሺለት› ትለኛለች። በየቀኑ፣ ዐስር ላይ። ምን ብዬ ልመልስለት? የታፈሰ ቀን ለዒድ እንድጨፍር የቴፕ ባትሪ ድንጋይ ግዛልኝ ብዬ አልቅሼ የላክሁት እኔ ነኝ። ለማንም አልተናገርሁም። እሱም አልተናገረብኝም፤ ይቀልድብኛል እንጂ።»

ሸፊቃ ይህን አታውቅም ነበር። ጓደኛዋን ልትቆጣት መጥታ አሳዘነቻት። ካሴቱን ወስዳ ሁለተኛውን ገጽ ብትሞላው ዐሊማ ታርፋለች፣ ኑርሁሴን ይደሰታል፣ የእሷም ስም ኮምቦልቻ ላይ ይነሳል። የሚጠፋው ሀምዱ ብቻ ነው።

«ማነው ጓሮ ያለው?» አሉ እትዬ ዘይቱና ከውስጥ። «ሸፊቃ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ። እንደምን ዋሉ?»

«አልሐምዱሊላህ። ግቢ እንጂ፣ ብርድ ላይ ምን ያቆምሻል? ልጄ ከቤት ወጣ ካለ ሦስት ቀኑ ነው። ዐሊማን ብጠይቃት አላየሁም ትላለች። አንቺስ አላየሽልኝም?»

ዐሊማ ዓይኗን አፍጥጣ ራሷን ነቀነቀች፦ አላየሁም በይ። «ልጄ» ያሉት ካሴቱን ነው። ሸፊቃ ጫማዋን ደጃፍ ላይ አውልቃ ገባችና ካሴቱን ከሻርፗ ውስጥ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

እትዬ ዘይቱና ሳሙት። ግንባራቸውን አስነኩት። ከየት አገኘሽው እንኳ ሳይሉ ቴፑ ውስጥ ከተቱትና ተጫኑት። ሸፊቃ ሁለተኛውን ገጽ ጥቂት ስላጫወተችው አንደኛው በዚያው ልክ ወደኋላ ተመልሶ፣ የስድስተኛው ዘፈን መጨረሻ ነው የወጣው፤ ጭብጨባና ማሲንቆ። እትዬ ዘይቱና ግራ ገብቷቸው ቴፑን አዩት። ዘፈኑ አለቀ።

«መርየም ስታገባ ካሴቱን የምቀዳው እኔ ነኝ፤ ማንንም እንዳታስነኪብኝ።»

ወዲያው ሰባተኛው ዘፈን ፈነዳ።

የእትዬ ዘይቱና ፊት በራ። እንደዚያ ሲበራ ሸፊቃ ሁለት ዓመት ሙሉ አላየችውም። «ቀዳው!» አሉ። «ዐሊማ፣ ሰማሽ? እቀዳለሁ እንዳለ ቀዳው! ለእህቱ ሠርግ ላከላት! ያ ረቢ፣ ምን ይሳንሃል!» ብድግ አሉና እልልታውን አቀለጡት። እልልታው በዘፈኑ ላይ ተጋድሞ ጓዳውንም ጓሮውንም ሞላው፤ ሸፊቃ ግን እንደዚያ የሚያስፈራ እልልታ ሰምታ አታውቅም። ከዚያ እጇን ያዟት። «ማን አመጣው? ያው ወታደር ነው? ደህና ነው አለሽ ልጄ?»

ዐሊማ ደጃፍ ላይ ቆማለች። «አዎ በይ» አለች በከንፈሯ ብቻ።

አንድ ቃል ነበር። አዎ ካለች ማንም አይጠይቃትም፤ ካሴቱም እሁድ ኮምቦልቻ ወርዶ «የሀምዱ ስጦታ» ተብሎ ይጨፈርበታል። እትዬ ዘይቱናም ደስ ብሏቸው ይውላሉ፣ ከነገ ወዲያ ግን ሌላ ካሴት መጠበቅ ይጀምራሉ። ሌላ እንደማይመጣ ደግሞ ሸፊቃ ታውቃለች። በመንገድ ባገኟት ቁጥር ዓይናቸውን ማየት ሊኖርባት ነው።

ቴፑን አጠፋችው።

«አይደለም፣ እትዬ» አለች። «ሀምዱ አይደለም። እኔ ነኝ ዘፈን የቀዳሁበት። ይሄን ገጽ አጥፍቼብዎታለሁ። ሌላውን ግን አልነካሁትም።»

እትዬ ዘይቱና እጇን ለቀቁት። ቀስ ብለው መስገጃው ላይ ተቀመጡ። የሚጮኹባት መስሏት ነበር፤ ቢጮኹባት ይሻላት ነበር።

«ሁሉንም?» አሉ በመጨረሻ።

«በየዘፈኑ መካከል ጥቂት ጥቂት ቀርቷል። ስድስት ቦታ።»

«እሷንም እንዳታጠፊያት።»

«አላጠፋም፣ እትዬ።»

ካሴቱን አወጣችና በጥፍሯ ፕላስተሩን ላጠችው፣ መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን። ጥርሶቹ የነበሩበት ሁለት ጉድጓድ ታየ። ከእንግዲህ ማንም አይቀዳበትም።

«ሠርጉስ?» አለች ዐሊማ ደጃፉን እንደያዘች። «ኑርሁሴን ሲጠይቅሽ ምን ልትዪው ነው?»

«ድቤ አምጡ እለዋለሁ» አለች ሸፊቃ። «ቅልቅሉን አበላሽቼዋለሁ እለዋለሁ።»

እትዬ ዘይቱና ካሴቱን ተቀብለው ገለበጡት። ዐሊማን አዩዋት፣ የተላጠውን ፕላስተር አዩት፣ እንደገና ዐሊማን አዩዋት። ተጫኑት።

ነፋስ። ትንሽ ወሬ። ከዚያ ሀምዱ፣ ደጃፍ ላይ የቆመ ያህል ቅርብ ሆኖ፦

«አንቺስ፣ ዐሊማ? ያን ባትሪ ድንጋይ ሌላ ሰው ገዛልሽ ወይ?»

ሳቀ። ዝም አለ።

ይህን ጊዜ እትዬ ዘይቱና «መልሺለት» አላሉም። ሸፊቃ ሳታውቀው መቁጠር ጀምራ ነበር። አንድ ዙር። ሁለት።

«ማንም አልገዛልኝም» አለች ዐሊማ። ወደ ውስጥ ገብታ ከእናቷ አጠገብ ተንበረከከች። «ማንንም አልላክሁም፣ ሀምዱ። ሌላ ሰው አልልክም።»

ሦስት።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሀምዱ።